መስኮቱ በየትኛው እጅሽ በኩል ነው?

ባለፈው እሁድ እዚህ ቤሩት፣ ሳብራ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ አንዲት እንደኔው የወሎ ልጅ ስልኳን ወድራ መጣችና፣ «እትዬ ፋጡማ፣ ወንበር እኮ አሁን በስልክ ነው የሚመረጠው! እዪ፣ ለአጭር በረራ ጥሩ እይታ ያለው የመስኮት ወንበር ነው ይላል» አለችኝ። ወላሂ፣ የያዝኩትን ቲማቲም ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። የትኛው መስኮት? አውሮፕላን እኮ ሁለት ጎን አለው! በአንዱ ጎን ከተማ ይታያል፣ በሌላው ጎን ውሃ ብቻ ነው። በአንዱ ፀሐይ ዓይንሽን ስትጠብስሽ ትውላለች፣ በሌላው ጥላ ነው። አንዳንዱ ረድፍማ ጭራሽ መስኮት የለውም፣ የመስኮት ከፍለሽ የፕላስቲክ ግድግዳ ታቅፈሽ ትሄጃለሽ። «መስኮት ነው ይላል!» ስልኩ ምን ያውቃል? ስልኩ አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ ያውቃል?

ልጅቱ ደንግጣ፣ «ኧረ እትዬ፣ ይቅርታ» ብላ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ጥፋቱ የሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ይሄ ነገር ሲነሳ ደሜ ይፈላል። ምክንያቱም እኔ ጃል ኤል ዲብ ባለች አንዲት ትንሽ የቲኬት ቢሮ ውስጥ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ወንበር መራጭ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሥራ አለ እንዴ ትሉኝ ይሆናል። ነበር። ባለፈው ወር ቢሮው ተዘጋና ጡረታ ወጣሁ። ጡረታ ስል የሚከፈል ነገር ያለ እንዳይመስላችሁ፤ ቁልፍ መለስኩ ማለቴ ነው። በመኖሪያ ወረቀቴ ላይ እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሥራዬ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሆድ ይፍጀው።

ቤሩት የመጣሁት እንደ ሁላችንም በቤት ሠራተኛነት ነው። አንጠልያስ አንድ ቤት አምስት ዓመት ሠራሁ። ስለዚያ ቤት ዛሬ አላወራም፣ ለዛሬ የያዝኩት ንዴት ይበቃኛል። አንድ ቀን ቆሻሻ ልጥል ወርጄ በዚያው ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ወረቀት አልነበረኝም። ዶራ ላይ ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በሰዓት እየተከፈለኝ ቤት አጸዳ ነበር። ከማጸዳቸው ቦታዎች አንዷ የመስዩ ናዲም፣ የአቶ ናዲም እንደማለት ነው፣ የቲኬት ቢሮ ነበረች፤ ማክሰኞ ማክሰኞና ዓርብ ዓርብ።

መስዩ ናዲም ያኔ ሰባ ሊሞላቸው የተቃረቡ፣ አጭር፣ ሱሪያቸውን እስከ ደረታቸው ስበው የሚታጠቁ ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ማንኡሼ ያስመጣሉ፤ ዛዕተር የሚባል ቅመም የተቀባ ትኩስ ቂጣ ነው። ቁጭ ብለው ከመሃል በመቀስ ይቆርጡትና አንዱን ግማሽ ለኔ ያቀርባሉ። እኔ ቆሜ ልበላ ስል፣ «ቆሞ የሚበላ ፈረስ ነው፣ ተቀመጪ» ይሉኛል። አምስት ዓመት ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ ለበላሁት ለኔ ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ማክሰኞ አንዲት ያገሬ ልጅ ትኬት ልትገዛ መጣች። ዓረብኛዋ የወጥ ቤት ዓረብኛ ስለነበር ከእቃ ማጠብ ያለፈ ነገር መናገር አቃታት። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ ጣልቃ ገብቼ አስተረጎምኩላት። እሷ ስትወጣ መስዩ ናዲም መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝና፣ «ፋጡማ፣ መወልወያውን ተዪውና ወደዚህ ነይ» አሉኝ። ጠረጴዛው ማዶ፣ ከሳቸው ጎን፣ ወንበር ሳቡልኝ። ወረቀቴንም እሳቸው ካፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆን አሠሪ፣ ሆነው አስተካከሉልኝ። ያኔ የነገሩኝ አንድ ነገር ግን ነበር፦ ከአገሩ ከወጣሽ መልሰው ላያስገቡሽ ይችላሉ። ስለዚህ አልወጣሁም።

የሥራው ትምህርት የተጀመረው በሁለት የእንጨት ወንበር ነው። አንዱን ከሌላው ኋላ አስቀመጡና አስቀመጡኝ። «አሁን አውሮፕላን ውስጥ ነሽ። አፍንጫው ወደ ጁንየህ ዞሯል፣ ያኒ ወደ ሰሜን። ባሕሩ በየትኛው እጅሽ ነው?»

«በግራዬ።»

«ተራራውስ?»

«በቀኜ።»

አስነሱኝ። ወንበሮቹን ወደ ቤሩት አዙረው እንደገና አስቀመጡኝ። «አሁንስ?»

«ባሕሩ... በቀኜ።»

«አየሽ? ባሕሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የዞርሽው አንቺ ነሽ። የዚህ ሥራ ግማሹ ይሄ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለገባ ሰው ሁሉ የሚጠይቁትን ጥያቄ እኔም በቃሌ ያዝኩት፦ «ራይሐ ወላ ራጅዐ?» ሂያጅ ነሽ ወይስ ተመላሽ? ትኬቱ ደርሶ መልስ ላልሆነ ሰው ሳይቀር ይጠይቃሉ። አንዴ የጋዝ ሲሊንደር ሊያደርስ የመጣውን ሰውዬ ቀና ብለው ሳያዩት «ሂያጅ ነህ ተመላሽ?» ብለው ጠይቀውት፣ «እንደ ክፍያው ነው» ብሏቸው በሳቅ ሞትኩ። የሽማግሌ አመል አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ወይ አለማወቅ!

ሌላው ሕጋቸው ይሄ ነው። ረጅም በረራ ለሚሄድ ሰው መተላለፊያው ዳር ይሰጡታል፤ ይተኛል፣ ሽንት ቤት ይመላለሳል፣ መስኮቱ በከንቱ ይባክናል ብለው። አጭር በረራ ላይ ግን፣ አርባ ደቂቃም ትሁን አንድ ሰዓት፣ መስኮት ለማግኘት ከኮምፒውተሩ ጋር ይታገላሉ። አጭር በረራ ዓይን ሳይሰለች ያልቃል ይሉ ነበር። ወደ ቆጵሮስ የሚሄዱ ሙሽሮች ሲመጡ እርሳስ ቀርጸው የአውሮፕላኑን ሆድ ዕቃ በወረቀት ይስሉላቸዋል። ክንፉ ላይ የተቀመጠ አገር ሳይሆን ብረት ሲያይ ይውላል። ከሞተሩ ኋላ ከሆነ ደግሞ ትኩሳቱ አየሩን ያርገበግበዋል፣ ከተማው ከፈላ ድስት እንፋሎት ማዶ እንዳለ ነው የሚታየው። ትንሹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ክንፉ ከላይ ስለሆነ ከሥሩ እንደ በረንዳ ቁልቁል ያሳያል፤ ከፕሮፔለሩ ትይዩ ካለው ረድፍ መሸሽ ብቻ ነው። ጠዋት ከሆነ ከምሥራቅ ሽሽ፣ ከሰዓት ከሆነ ከምዕራብ፤ ጥላ ባለበት ጎን ተቀመጥ። ግን አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር፦ «ጥላው እንዲሁ አገር ማየት ለሚፈልግ ነው። አንድ የተለየ ነገር ማየት የሚፈልግ ሰው ፀሐይ ቢያቃጥለውም ነገሩ ወዳለበት ጎን ይቀመጣል።» ይሄንን ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ ሳልለው ቀርቻለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልመለስ። አንድ ቀን አንዲት ማዳም ከአንጠልያስ ሠራተኛዋን ይዛ መጣች። ማዳሟ ተቀመጠች፤ ልጅቱ የማዳሟን ቦርሳ ይዛ ቆመች። ልጅቱ ወደ አገሯ ልትገባ ነው፤ የቀን በረራ ስለነበር እኔ ከክንፉ ፊት ያለ መስኮት አግኝቼ ልሰጣት ስል ማዳሟ እጇን አወናጨፈች።

«ኖን፣ ኖን። መሃል ስጫት። ተኝታ ነው የምትሄደው።»

«ማዳም፣ ዋጋው እኮ አንድ ነው።»

«ቢሆንስ? መስኮቱን ለሚያይ ሰው ተዪለት!»

ለሚያይ ሰው! ልጅቱ ዓይን የላትም? እስክሪብቶዬን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። መስዩ ናዲም ግን መነጽራቸውን ቀስ ብለው አውልቀው፣ «ማድሞዜል፣ ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» አሉ። ማዳሟ ማንን ነው የሚሉት ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ከሠራተኛዋ በቀር ማንም አልነበረም። ልጅቱ ወደኔ ጠጋ ብላ በአማርኛ፣ «ባሕሩን። ስድስት ዓመት ሙሉ የበረንዳው መጋረጃ አይከፈትም። ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው» አለችኝ። ለማዳሟ አላስተረጎምኩላትም። መስኮቱን ሰጠኋት፣ ኸላስ፣ በቃ። ማዳሟ «ሜርሲ» የምትለዋን የምስጋና ቃል ጥርሷን ነክሳ ተናግራ ወጣች።

ያን ቀን ነው ነገሩ ሥራ ብቻ መሆኑ የቀረው። እኛ ሴቶች የምናጸዳውን መስታወት ቁጥሩን አላህ ነው የሚያውቀው። በኮምጣጤ፣ በጋዜጣ፣ እጃችን እስኪላጥ እንወለውላለን። በጸዳው መስታወት የሚያየው ግን ሌላ ሰው ነው። እና እኔ መስኮት የሰጠኋትን ሴት ሁሉ አንዲት ቁራጭ ፎጣ አጣጥፌ በእጇ አስይዛት ነበር። «ስትቀመጪ መጀመሪያ መስታወቱን ጥረጊ። ዛሬ ለራስሽ ነው የምትጠርጊው» እላታለሁ። ስንቷ እየሳቀች፣ ስንቷ ደግሞ እያለቀሰች ተቀብላኛለች።

በምላሹ የምጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ ደርሳ ያየችውን በድምፅ እንድትልክልኝ። እሷ የነገረችኝን ደፍተሬ ላይ እጽፋለሁ። ቤሩት ሲገባ፣ ነፋስ ካልቀየረው፣ ከተማው በግራ። ቆጵሮስ ሲቃረብ ነጩ የጨው ኩሬ በቀኝ። የካይሮን ድንጋዮች፣ ፒራሚዶቹን፣ አንዷ በግራ ናቸው ስትል ሌላዋ በቀኝ ናቸው ብላኝ፣ አራት ሴት ጠይቄ ነው የጻፍኩት። ምክንያቱን ልንገራችሁና ሳቁብኝ። እኔ ራሴ በሕይወቴ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ አላውቅም። አውሮፕላን የተሳፈርኩት አንዴ ነው፣ ስመጣ፤ እሱም መሃል ላይ፣ ከኋላ፣ በሁለት ሰው ተጣብቄ። ስልኩን ተቀምጦ ያውቃል ወይ ያልኩት ሴትዮ እኔም ተቀምጬ አላውቅም። ለዚህ ነው ጠይቄ የምጽፈው። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ።

መስዩ ናዲም ታመው ከቤት ዋሉ፣ ከዓመት በኋላም ሞቱ። ቢሮውን የወንድማቸው ልጅ ሩዲ ተረከበ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ችኩል ነው። «ያላ ፋጡማ፣ ያላ!» ነው ሌት ተቀን። ሁለቱን የእንጨት ወንበሮች ሊጥላቸው ሲል ተጣልቼው አስቀረኋቸው።

ጦይባ የመጣችው ያኔ ነው።

የበሩን ጠርዝ በእጇ እየዳሰሰች ገባች። አርባ ያልሞላት፣ ሳብራ አካባቢ ተከራይታ የምትኖር፣ በሰዓት የምትሠራ የሐርቡ ልጅ ናት። ሐርቡ ከኮምቦልቻ ወረድ ብላ፣ ቦርከና ወንዝ አጠገብ ያለች ከተማ ናት። «ወንበር የምታውቂው እትዬ ፋጡማ አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«ነኝ። ወዴት ነሽ?»

«አገሬ፣ ለመጨረሻ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም በአውሮፕላን ነው የምሄደው። መስኮት እፈልጋለሁ።»

ያገሬ ሴቶች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ነው የሚሄዱት። ለአንድ ሰዓት በረራ ገንዘቧን ለምን እንደምታባክን ጠየቅኳት።

«ዓይኔ እየሄደ ነው እትዬ። ሐኪሙ ነርቩ እየደረቀ ነው አለኝ። ከዳር ከዳር እየጠበበ መጥቶ አሁን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። የቀረችውም ዓመት አትቆይም ብሎኛል።»

«እና ሄደሽ ቤትሽን በእግርሽ ቆመሽ አታይውም?»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ! ቅርብ ስሆን ሙሉው አይገባልኝም። በሩን ካየሁ ጣራው የለም። የሰው ፊት እንኳ፣ አፍንጫውን ሳይ አገጩ ይጠፋብኛል። ሩቅ ያለ ነገር ግን በቀዳዳዋ ሙሉውን ይገባል። ከሰማይ ባየው ቤቱም፣ ወንዙም፣ እናቴ የተቀበረችበት ጉብታም አንድ ላይ ይገቡልኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ ያሠራሁት ቤት ነው፣ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። አንዴ ሙሉውን ልየው። ከዚያ ኸላስ፣ ይጨልም።» ቀጥላ ሳቅ አለች። «ወንድሜን ጣራውን ሰማያዊ ቀባልኝ ብዬዋለሁ። የሰፈሩ ቆርቆሮ በሙሉ ያልተቀባ ነው። ሰማያዊው የኔ ብቻ ነው።»

ደፍተሬን ገለጥኩ። በዚያ መንገድ በርራ የነገረችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፣ ሰዓዳ የምትባል። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፦ «ኮምቦልቻ፣ ሐርቡና ቦርከና በግራ እጅ። ጥርት ብሎ ይታያል።» በረራው የጠዋት ነው፣ አውሮፕላኑ ወደ ሰሜን ነው የሚሄደው፣ ፀሐይዋ በቀኝ ናት፣ ጥላው በግራ ነው። ሁለት ምስክር አገኘሁ፣ ሰዓዳና ጥላው። ኩራቴን ብታዩት! ሩዲ ከዚያ ማዶ፣ «ያላ ፋጡማ፣ ስልክ እየጠበቀ ነው!» ይላል።

ሩዲን ባማርር ደስ ባለኝ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው። ጦይባን እንጨት ወንበሩ ላይ፣ ወደ ሰሜን አዙሬ አስቀመጥኳት። ከፕሮፔለሩ ፊት ያለውን የግራ መስኮት መረጥኩላት። «ግራ እጅሽን አንሺ። በቃ፣ ቤትሽ በዚያ በኩል ነው። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ዓይንሽን እንዳትነቅዪ» አልኳት። እጇን አነሳች። ባዶ ግድግዳውን እያየች ፈገግ ብላ ለረጅም ጊዜ እጇን ሳታወርድ ቆየች። ፎጣዋን ሰጠኋት፣ ሳመችኝና ሄደች።

በአራተኛው ቀን የድምፅ መልእክቷ ገባ። ዛሬም ስልኬ ላይ አለ፣ አላጠፋሁትም።

«እትዬ ፋጡማ፣ ደርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። መስታወቱን እንዳልሽኝ ጠረግኩት። ተራራ አየሁ፣ በጣም ያምራል። ጣራዬን ግን አላየሁትም። መውረድ ሲጀምር ዓይኔን አልነቀልኩም ነበር። ከማዶ፣ በቀኝ በኩል የተቀመጠች ሴት ለልጇ፣ ‹እዪ እዪ፣ ሰማያዊ ቤት!› ስትላት ሰማሁ። ዘወር ስል የሰው ጭንቅላት ነው የገባልኝ። ከዚያ አውሮፕላኑ ወረደ። ምንም አይደል እትዬ። አታስቢ።»

ምንም አይደል! ቢሮው ውስጥ ቆሜ ደረቴን መታሁ። ወዲያው ሰዓዳ ጋ ደወልኩ። «ሐርቡ በግራ እጄ ነው ያልሽኝ መቼ ነው? ከአዲስ አበባ ስትሄጂ ነው?»

«ኧረ አይደለም! ስሄድማ በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስበር ነው ያየሁት። ምነው?»

ምነው ትለኛለች። ባሕሩ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም፣ የዞርሽው አንቺ ነሽ። የሽማግሌ አመል እያልኩ የሳቅኩባት ጥያቄ! ለጋዝ አድራሹ ሳይቀር የምትጠየቀዋን፣ ሁለት ቃል፣ ሂያጅ ነሽ ወይስ ተመላሽ፣ ሰዓዳን አልጠየቅኳትም። ጦይባ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ለማየት የምትሄድ ሴት ነበረች፤ እኔ ጥላ ፈልጌ አስቀመጥኳት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

ለጦይባ ደወልኩላትና እውነቱን ነገርኳት። የመስዩ ናዲምን ጥያቄም፣ አለመጠየቄንም፣ ሁሉንም። «እትዬ፣ ተሳሳትሽ እንጂ አልናቅሽኝም» አለችኝ። እሷ ይህን ብላ ይቅር ልትለኝ ትችላለች፣ እኔ ግን ራሴን አልለቅም። ያቺ የአንጠልያስ ማዳም በንቀት ልትከለክል ሞከረች፤ እኔ በአውቃለሁ ባይነት ከለከልኩ። መስኮቱን ላጣችው ሴት ልዩነቱ ምንድነው? ከነጋታው ጀምሮ የደፍተሬን ሴቶች በሙሉ አንድ በአንድ እየደወልኩ ሂያጅ ነበርሽ ተመላሽ ስል ከረምኩ። ሁለት ሌላ ስህተት አገኘሁ። አርሜ ጻፍኳቸው። ለጦይባ የሚሆን እርማት ግን አልነበረም፤ በክረምቱ መጨረሻ ዓይኗ ፈጽሞ ጨለመ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እየተንሸራተቱ አለቁ። መጀመሪያ መስኮት በገንዘብ ሆነ። ቀጥሎ ሰው ሁሉ በስልኩ መቁረጥ ጀመረ። ሩዲ ቢሮውን ሲዘጋ፣ «ፋጡማ፣ ሰው አሁን ራሱ ይመርጣል፣ ምን እናድርግ» አለኝ። ምን ይመርጣል? ስልኩ መስኮት ወይስ መተላለፊያ ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ምን ማየት ትፈልጊያለሽ ብሎ የሚጠይቅ ስልክ እስቲ አሳዩኝ! አዲስ የመጡት ልጆቻችንማ ትርፍ ይከፈላል ሲሏቸው ሲስተሙ የወረወራቸው ቦታ ይቀመጣሉ። የት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መሃል፣ ከኋላ።

ሩዲ ለመሰናበቻ የአገሬን ትኬት ቆረጠልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ መልሰው ላያስገቡሽ ይችላሉ የሚለው ነገር አሁን አያስፈራኝም። ወረቀቱን ተቀብዬ ወንበሩን አየሁት። ከቤሩት አዲስ አበባ መሃል። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻም፣ ከፕሮፔለሩ ትይዩ፣ መተላለፊያ።

«ሩዲ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሲስተሙ ነው የሰጠሽ። ደግሞ ተኝተሽ ነው የምትሄጂው፣ ምን ለውጥ አለው?»

ያቺው ቃል! በአሥራ ስድስት ዓመቴ መጨረሻ፣ በኔው ጠረጴዛ ላይ፣ ለኔው! «ተነስ» አልኩት። «እንዴ ፋጡማ...» «ተነስ ከወንበሩ!» ተነሳ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። የአዲስ አበባው በረራ በጨለማ ስለሆነ መተላለፊያው ዳር ለእግሬ መዘርጊያ ወሰድኩ። የኮምቦልቻውን ሦስተኛ ረድፍ፣ ከፕሮፔለሩ ፊት፣ በቀኝ በኩል። የጠዋት ፀሐይ ፊቴን ታቃጥለኛለች፤ ታቃጥለኝ። ትርፉን የሚከፍለው ማነው ብሎ ጠየቀኝ፣ አንተ ነህ አልኩት። ከፈለ።

ትናንት ለጦይባ ደወልኩ። መምጣቴን ስነግራት እልል አለች፣ ወዲያው ግን ድምፅዋ ቁም ነገር ያዘ።

«ወንበርሽ በየትኛው እጅሽ በኩል ነው እትዬ?»

«በቀኝ።»

«ስትሄጂ ነው ስትመለሺ?»

አልሳቅኩም። «ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ ስመለስ። ሦስት ሰው ጠይቄያለሁ።»

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ወንድሟን ስትጣራ ሰማኋት። «አንተ! ጣራው ደብዝዟል አላልከኝም? ተነሳ፣ ሰማያዊውን ቀለም ግዛ። እትዬ ፋጡማ በቀኝ በኩል ልትመጣ ነው፣ እሷ ሙሉውን ታየዋለች!»